ሁለት ሟች፣ አንድ ቸልተኝነት፦ በጣርማ በር ቁልቁለት የደረሰው አደጋ ስንት ወንጀል ነው?

ከመሐል ሜዳ ባቄላ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ አይሱዙ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲያቆለቁል ፍሬኑ እምቢ አለ። ሹፌሩ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ መኪናውን ወደ ተራራው ጥግ ሊያስጠጋ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከተማው መግቢያ ላይ ከፊቱ ትሄድ የነበረችን ባጃጅ ገጭቶ ከመንገድ ዳር ግንብ ጋር አጣበቃት። የባጃጇ ሹፌርና አንዲት ተሳፋሪ ሕይወታቸው እዚያው አለፈ። ሌላዋ ተሳፋሪ ተጫጭራ ተረፈች።

ጉዳዩን መጀመሪያ ያየው ፍርድ ቤት በአይሱዙው ሹፌር ላይ 8 ዓመት ከ6 ወር ጽኑ እሥራት ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወደ 5 ዓመት ከ4 ወር ዝቅ አደረገው። በመካከሉ አዲስ ምስክር አልተሰማም፣ አዲስ ማስረጃ አልቀረበም፣ የሰውየው ጥፋተኛነትም አልተነካም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሁለት ወንጀል ብሎ የቆጠረውን ሁለተኛው አንድ ወንጀል ብሎ ቆጠረው። ቤተሰብም፣ ተከሳሽም፣ ብዙ ጊዜ ጠበቃም ዓይኑን የሚጥለው ቅጣት በሚነበብበት ቀን ላይ ነው። የዓመቱ ቁጥር ግን በአመዛኙ የሚያልቀው ከዚያ ብዙ ቀጠሮ ቀደም ብሎ፣ ድርጊቱ ስንት ክስ ሆኖ እንደሚቀርብ ሲወሰን ነው።

መዝገቡ እጄ የገባው በይግባኝ ደረጃ የሹፌሩ ጠበቃ ሆኜ ነው። የሰዎቹን ስም፣ የችሎቶቹን መለያና ቀኖቹን ትቻለሁ፤ ሐዘናቸው ያልበረደ ቤተሰቦች አሉና።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። የጣርማ በር ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው ዋሻ ያለው እዚያው ጫፍ ላይ ነው፤ ወደ መንዝ የሚወስደው መንገድም ከዚያው አካባቢ ይገነጠላል። ከዋሻው በኋላ ቁልቁለቱ በኩርባ እየተጣመዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፣ ከደብረ ሲናም 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይቀጥላል። ጉም የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ቁልቁለት ጭነት የያዘ መኪና የሚያዘው በከባድ ማርሽ ነው። ማርሹን ፍሪ አድርጎ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ነዳጅ ይቆጥባል፤ የፍሬኑ ሸራ ግን እየጋለ ይሄድና መጨረሻ ላይ መያዝ ያቅተዋል።

የሆነውም ይኸው ነው። ረዳቱ ለችሎቱ የሰጠው ቃል በቃለ ጉባኤው እንዲህ ሰፍሯል፦ «ከዋሻው እንደወጣን ፍሪ አደረገው። ማርሽ አስገባው እንጂ፣ ፍሬኑ ይግላል አልኩት። ነዳጁን ማን ይችለዋል አለኝ።» የቴክኒክ ምርመራው የፍሬን ሸራዎቹ መቃጠላቸውን አረጋገጠ። የትራፊክ ፖሊሱ ፕላንም መኪናው ከኩርባው ጀምሮ ወደ ግራ እየሸሸ መሄዱን ያሳያል። የተከሳሹ መከላከያ በሙሉ የቆመው «ፍሬን በድንገት ተበላሸ» በሚለው ላይ ነበር። ይህ የረዳቱን ቃል ሊቋቋም አልቻለም። ጥፋተኛ መባሉ ትክክል ነው፤ በይግባኝም አልተከራከርኩበትም።

ክሱ ላይ ግን ልቆይበት እፈልጋለሁ።

የክሱ ማመልከቻ ሁለት ክሶችን ይዟል። አንደኛው ክስ ተከሳሹ በቁልቁለት ማርሹን ፍሪ አድርጎ በማሽከርከር፣ ግልጽ የሆነ የማሽከርከር ደንብ በመጣስና የሁለት ሰዎችን ሕይወት በማጥፋት የባጃጇን ሹፌር በቸልተኝነት ገድሏል ይላል፤ የተጠቀሰው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543(3) ነው። ሁለተኛው ክስ ያንኑ ይደግማል፤ ያው ቁልቁለት፣ ያው ፍሪ ማርሽ፣ ያው «የሁለት ሰዎችን ሕይወት በማጥፋት»፣ ያው አንቀጽ። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ የተለየው የሟች ስም ብቻ ነበር። ተከሳሹ ክሱ ሲነበብለት መቃወሚያ እንዳለው ተጠይቆ «የለኝም» ብሏል። ቃለ ጉባኤው ላይ ይህ አንድ መስመር ነው። ሦስት ዓመት የሚያህል ልዩነት ያለፈው በዚያች መስመር ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ሕጉን ማንበብ ያስፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ሰው በቸልተኝነት ለገደለ ሦስት እርከን ያለው ቅጣት አስቀምጧል። ተራው ቸልተኝነት በአንቀጽ 543(1) ይታያል። እንደ ሐኪም ወይም እንደ ሹፌር የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ልዩ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን 543(2) ይመጣል፤ ቅጣቱ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ቀላል እሥራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ነው። አጥፊው ሁለት ወይም ከሁለት በላይ ሰዎችን ከገደለ፣ ወይም ግልጽ የሆኑ ደንቦችን ከጣሰ፣ ወይም በመጠጥና በመሳሰለው ራሱን የኃላፊነት ስሜት ካሳጣ ደግሞ 543(3) ይሠራል። ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይሆናል።

ቀጥሎ ተደራራቢ ወንጀሎችን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች አሉ። አንቀጽ 60 አንድ ሰው ተደራራቢ ወንጀል ፈጸመ የሚባልባቸውን መንገዶች ይዘረዝራል። አንዱ በተለያየ ጊዜ የተለያዩ ወይም ተመሳሳይ ወንጀሎችን መፈጸም ነው። ሌላው በአንድ ድርጊት ብዙ ድንጋጌዎችን መጣስ ነው። ሦስተኛው፣ ለእኛ መዝገብ ወሳኙ፣ ፊደል ተራ (ሐ) ነው። በአንድ ሐሳብ ወይም በአንድ ቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የጣሰው አንድ ድንጋጌ ቢሆንም እንኳ ተመሳሳይ ጉዳት በብዙ ሰዎች መብት ላይ ካደረሰ ተደራራቢ ነው ይላል። አንቀጽ 61 ደግሞ ከሌላው ወገን ይቆማል። ከአንድ ሐሳብ ወይም ከአንድ ቸልተኝነት የመነጨ ድርጊት፣ የተነካው መብት አንድ ሆኖ፣ አንድ ድንጋጌ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ከሆነ ተመሳሳይ ድንጋጌዎችን ደራርቦ መቅጣት አይቻልም።

ተደራራቢ ነው ከተባለ ስሌቱ በአንቀጽ 184 ይሄዳል። ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዱ ወንጀል ቅጣት ይወስናል፣ ይደምራል፤ ድምሩ ግን ሕጉ ለዚያ ዓይነት ቅጣት ካስቀመጠው ጠቅላላ ጣሪያ አያልፍም። የጽኑ እሥራት ጣሪያ፣ የዕድሜ ልክ ካልሆነ በቀር፣ 25 ዓመት ነው። ሕዝቡ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ሁለቱንም ጎን ለጎን ይፈጽማል» የሚል እምነት በእኛ ሕግ መሠረት የለውም፤ ይደመራል።

በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ረቂቁን የስዊሱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ባዘጋጁት፣ ዳኛው ከወንጀሎቹ ከባዱን ይዞ በእሱ ላይ የተወሰነ ጭማሪ ማድረግ ነበር የሚችለው። ያ አሠራር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ወንጀል እጅግ ያቀል ነበር፤ ሦስት ቤት ሰርስሮ የገባ ሌባ ከአንድ ቤት ሌባ ብዙም የተለየ ቅጣት አይደርስበትም ነበርና። ወደ መደመር መሻገሩን እኔ ተገቢ ለውጥ ነው እላለሁ። ነገር ግን ቅጣቱ ከተደመረ በኋላ «ስንት ወንጀል ነው?» የሚለው ጥያቄ ከቀድሞው ብዙ ጊዜ የበለጠ ክብደት አገኘ። በድሮው ሕግ አንድ ክስ ሲጨመር የሚጨምረው ጥቂት ነበር። ዛሬ አንድ ክስ ሲጨመር ሙሉ ቅጣቱ ይጨመራል።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለእያንዳንዱ ክስ መነሻ ቅጣቱን 6 ዓመት ያዘ። ደመረ፤ 12 ዓመት። ከዚያ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 ሠንጠረዥ ላይ 12 ዓመት የሚያርፍበትን እርከን ፈልጎ ማቅለያዎችን ማየት ጀመረ። መመሪያው እንደሚታወቀው ዳኞች ለተመሳሳይ ጥፋት የተራራቀ ቅጣት እንዳይሰጡ የወጣ ነው፤ በጠቅላላው ሲታይ አንድ ማክበጃ አንድ እርከን ያወጣል፣ አንድ ማቅለያ አንድ እርከን ያወርዳል። ከታች ያሉት እርከኖች በወራት፣ ከላይ ያሉት በዓመታት ይራራቃሉ።

አራት ማቅለያ ተያዘለት። የቀድሞ ጠባዩ መልካም መሆኑ አንዱ ነው፤ የቀበሌውና የማኅበሩ ወረቀት ቀርቧል። ሁለተኛው አደጋው እንደደረሰ አለመሸሹ ነው፤ ራሱ ግንባሩ ተሰንጥቆ እየደማ ከባጃጇ ውስጥ ተጎጂዎቹን ያወጣውና የተረፈችውን ልጅ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሳት እሱ መሆኑን ሦስት ምስክሮች ተናግረዋል። ይህ በአንቀጽ 82(1)(ሠ) ከልብ የመጸጸት ምልክት ተብሎ ተወሰደ። (ሸሽቶ ቢሆን ኖሮ ተጎጂን ሳይረዱ መሄድ ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነ፣ ያ ያለ ጥርጥር ተደራራቢ ይሆን ነበር፤ አዲስ ሐሳብ፣ አዲስ ድርጊት ነውና።) ሦስተኛው ከሟች ቤተሰብ ጋር የተደረገው እርቅ፣ አራተኛው ደግሞ የሚያስተዳድራቸው ልጆች ናቸው። አራት እርከን ወርዶ ቅጣቱ 8 ዓመት ከ6 ወር ላይ ቆመ። መቀጮውም የሁለቱ ክሶች ዝቅተኛ ተደምሮ 20,000 ብር ሆነ።

ችሎቱ በማቅለያው በኩል የነፈገው ነገር የለም። የቅጣት ውሳኔውን ብቻ ያነበበ ሰው ዳኛው የራሩ ይመስለዋል። ብዙ ሰውም በይግባኝ የሚጽፈው «ማቅለያዬ በሚገባ አልተያዘልኝም» ብሎ ነው፤ የዚህ ሰው ቤተሰብም መጀመሪያ እንዲጻፍላቸው የፈለጉት ያንኑ ነበር። አንድ ተጨማሪ ማቅለያ ብናገኝ ግን አንድ እርከን ነው። ሁለተኛው ክስ ያመጣው ግን 6 ዓመት ነው።

የሹፌሩ አባት ከመንዝ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቢሮዬ በመጡ ጊዜ የጠየቁኝ ሌላ ነበር። «የኔ ልጅ፣ ቀላል እሥራት የሚባል አለ አሉ። ይኼ ልጅ ሰው ልግደል ብሎ አልወጣ፤ ለእሱ አይሆንም እንዴ?» ጥያቄያቸው ከቶ የዋህ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሟች 543(2) ቢጠቀስ ኖሮ ሁለት ቀላል እሥራት ይሆንና ድምሩ ከ5 ዓመት አያልፍም ነበር፤ በአንቀጽ 106 ቀላል እሥራት በመደበኛው እስከ 3 ዓመት፣ ተደራራቢ ሲሆን ደግሞ ቢበዛ እስከ 5 ዓመት ነውና። «አባባ፣ ያ በር ተዘግቷል» አልኳቸው። «የዘጋውም ሁለተኛው ሞት ነው። ሟች አንድ ቢሆንና የተጣሰ ደንብም ባይኖር ኖሮ እርስዎ ያሉት ይሆን ነበር።»

እዚህ ላይ ነው የይግባኙ ዋና ክርክር የተወለደው። ሁለተኛው ሞት አንድ ሥራ አስቀድሞ ሠርቷል። ጉዳዩን ከቀላል እሥራት ወደ ጽኑ እሥራት አሻግሯል፤ መነሻውን ከ1 ዓመት ወደ 5 ዓመት፣ ጣሪያውን ከ5 ወደ 15 አድርሷል። ይህን ሁሉ ከሠራ በኋላ ደግሞ ለብቻው ሌላ ክስ ሆኖ ሌላ 6 ዓመት ማምጣቱ አንድን ዕዳ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ይባስ ብሎ አንደኛው ክስ የሁለተኛውን ሟች እንደ ማክበጃ ይጠቅሳል፣ ሁለተኛው ክስ የመጀመሪያውን ሟች ይጠቅሳል፤ እያንዳንዱ ሞት አንዴ እንደ ወንጀል፣ አንዴ ለሌላው ማክበጃ ሆኖ ተቆጥሯል።

ዐቃቤ ሕጉ የሰጡት መልስ ጠንካራ ነበር፤ አሳንሼ ማቅረብ አልፈልግም። አንቀጽ 543(3) ሦስት በር አለው አሉ፤ የሟች ብዛት፣ የደንብ መጣስና ስካር። ተከሳሹ ደንብ ጥሷል፤ ስለዚህ ሟቹ አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም ኖሮ 543(3) ውስጥ ይገባ ነበር። ሁለተኛው ሞት ወደዚህ ንዑስ አንቀጽ ለመግባት አላስፈለገም፤ አላስፈለገምና ገና አልተቆጠረም፤ አልተቆጠረምና በአንቀጽ 60(ሐ) ራሱን ችሎ መቆጠር አለበት። በክሱ ላይ «ሁለት ሰዎች» የሚለው ቃል ከመጠን በላይ የተጻፈ እንጂ ክሱን የሚያፈርስ አይደለም። ደግሞም የሰው ሕይወት እንደ ንብረት አይጠቀለልም፤ ሕግ አውጪው 60(ሐ)ን የጻፈው በተለይ ለሕይወትና ለአካል ነው።

ለዚህ የሰጠሁት መልስ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የድንጋጌው ቃል ነው። በአንድ ቸልተኝነት የሞተው ሰው ሁሉ በነፍስ ወከፍ የተለየ ወንጀል ከሆነ፣ ሕግ አውጪው 543(3) ውስጥ «ሁለት ወይም ከሁለት በላይ ሰዎች» ብሎ የጻፈው ለምንድን ነው? ያ ሐረግ ሥራ የሚኖረው ብዙ ሞትን በአንድ ወንጀል ውስጥ አጠቃልሎ ለመያዝ ከሆነ ብቻ ነው። አንቀጽ 60(ሐ) ጠቅላላ ደንብ ነው፤ 543(3) ስለ ቸልተኛ ግድያ የተነገረ ልዩ ደንብ ነው፤ ልዩው ሲናገር ጠቅላላው ይቆማል።

ሁለተኛው ስሌቱ የሚያደርሰን ቦታ ነው። በነፍስ ወከፍ ከተቆጠረ ሁለት ሟች ማለት ዝቅተኛው 10 ዓመት ነው። ሦስት ሟች 15፤ ሕጉ ራሱ ለ543(3) ጣሪያ ያደረገው ቁጥር እዚህ ላይ መነሻ ይሆናል። አምስት ሟች 25፤ የጽኑ እሥራት ጠቅላላ ጣሪያ። ከዚያ በኋላ ዳኛው የሚመዝነው ነገር አይኖርም፤ የጠጣው ሹፌርና በጉም ውስጥ ኩርባ የሳተው ሹፌር ማቅለያ እስኪደርስላቸው እኩል ይቆማሉ። አስቦ ሰው የገደለ በአንቀጽ 540 የሚቀጣው ከ5 እስከ 20 ዓመት መሆኑን ስናስታውስ፣ ማንንም ሊጎዳ ያላሰበ የአውቶቡስ ሹፌር መነሻው ከዚያ ጣሪያ በላይ ይሆናል። ሕግ አውጪው ይህን ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ለቸልተኛ ግድያ 15 ዓመት የሚል ጣሪያ አይጽፍም ነበር።

ክርክሩ ከተሰማ በኋላ በኮሪደሩ ላይ የሟቿ ወንድም አገኘኝ። ከእርቁ ሽማግሌዎች ጋር አብሮ የቆመ፣ ደሙ እንዲደርቅ ቤተሰቡን ያሳመነ ሰው ነው። ቁጣ አልነበረውም። «ወንድሜ፣ እኛ የቀበርነው ሁለት ሰው ነው። ሁለት ቤት ነው ድንኳን የተጣለው። አንድ ወንጀል ነው ስትሉ እህቴ አልተቆጠረችም ማለት ነው?»

ይህ ጥያቄ ከዐቃቤ ሕጉ ክርክር ይልቅ ከብዶኛል፤ አሁንም ቀላል መልስ ያለው አይመስለኝም። የነገርኩት ይህን ነው። ካሣ ላይ እያንዳንዱ ሟች ለየብቻው ይቆጠራል፤ በሦስተኛ ወገን መድኑም ሆነ በፍትሐ ብሔር ክስ የእህቱ ቤተሰብ መብት ከባጃጇ ሹፌር ቤተሰብ ጋር አይጠቀለልም። ጉዳት የሚቆጠረው በተጎዳው ሰው በኩል ነው። ቅጣት ግን የሚለካው በአጥፊው በኩል ነው፤ ሰውየው ማርሹን ፍሪ ያደረገው አንዴ ነው፣ ያመዛዘነውና ያጠፋው አንዴ ነው። እህቱ አልተቆጠረችም ማለት አይደለም፤ ከቀላል እሥራት ወደ ጽኑ እሥራት እንዲሻገር ካደረጉት አንዱ የእሷ ሞት ነው። ሰማኝ። «ይሁን» አለና ከአባቱ ጋር ደረጃውን ወረደ። አሳምኜዋለሁ ብዬ አልጽፍም።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ክርክር ተቀበለ። ሁለቱ ሞቶች ከአንድ ቸልተኝነት የመነጩ ስለሆኑና 543(3) ከሁለት በላይ የሆነን ሞት ጭምር በግልጽ ስለሚሸፍን፣ በአንቀጽ 61 መሠረት የሚያስቀጣው አንድ ጊዜ ነው አለ። ሁለተኛውን ክስ ወደ አንደኛው ጠቅልሎ ጥፋተኛነቱን በአንድ ክስ አጸና።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው፤ ፍትሕም ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል። መነሻውን 6 ዓመት ላይ አላስቀረውም፤ ወደ 7 ዓመት ከፍ አደረገው። ወደ 543(3) ለመግባት አንዱ ምክንያት ይበቃ ነበር፤ እዚህ ግን ሁለቱም፣ የሟች ብዛትም የደንብ መጣስም፣ ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከ5 እስከ 15 ባለው ክልል ውስጥ ከዝቅተኛው አጠገብ የሚቀመጥ አይደለም የሚል ነው ምክንያቱ። መጠቅለል ማለት የሁለተኛውን ሰው ሞት መርሳት አይደለም። ሞቱ ክስ ሆኖ መደመሩ ይቀራል እንጂ የወንጀሉን ክብደት ሲመዝኑ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። ከ7 ዓመት አራቱን ማቅለያ ወርዶ 5 ዓመት ከ4 ወር ላይ ቆመ፤ መቀጮው 12,000 ብር ሆነ።

ልዩነቱን በማረሚያ ቤት ቀን ስናሰላው እንዲህ ነው። ጠባዩ ጥሩ የሆነ ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ከ8 ዓመት ከ6 ወር ሁለት ሦስተኛው 5 ዓመት ከ8 ወር ነው። ከ5 ዓመት ከ4 ወር ደግሞ 3 ዓመት ከ6 ወር ከ20 ቀን ገደማ። በእሥር ላይ ሆኖ ፍርድ የጠበቀበት ጊዜም ከዚህ ውስጥ ይታሰብለታል።

ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልጨምር። የመከላከያው ጉልበት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ማለቁን እረዳለሁ፤ ደንበኛው «ጥፋቱ የመኪናው ነው» ሲል ጠበቃ ሌላ መስመር መክፈት ይከብደዋል። ግን የክስ መቃወሚያ ጥፋትን ማመን አይደለም። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 130 ክሱ እንደተነበበ «ሁለቱ ክሶች አንድ ድርጊት፣ አንድ አንቀጽ ናቸው፤ ተጠቃለው ይቅረቡ» ማለት ይቻላል፤ ይህን ያለ ሰው ነጻነቱን መከራከሩ አይቀርበትም። ዐቃቤ ሕግም በዚያ ደረጃ ክሱን ማሻሻል ከቅጣት በኋላ ከመከራከር ይቀልለዋል። መቃወሚያው ካለፈ ደግሞ በቅጣት አስተያየቱ ላይ ማቅለያ ከመዘርዘር በፊት የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ክሶቹ ቁጥር መሆን አለበት። ለይግባኝ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚባል ማሳወቅ፣ ግልባጩ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን ማስገባት። የሹፌሩ ቤተሰብ እኔ ዘንድ የመጡት ማሳወቂያውን በራሳቸው አስገብተው ስለነበር ነው የተረፉት።

ሁሉም ተደራራቢ ክስ እንዲህ ይጠቀለላል ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ መሆን አለበት። በአንድ ሌሊት ሁለት ጎረቤት ቤት ገብቶ የሰረቀ ሁለት ጊዜ አስቧል፣ ሁለት ጊዜ ሠርቷል። በአንድ ጥይት ሁለት ሰው ለመግደል አስቦ የተኮሰም በ60(ሐ) ፊት የሚቆመው ከዚህ ሹፌር በተለየ ነው፤ ስለ ታሰበ ግድያ የተጻፉት ድንጋጌዎች ብዙ ሟችን በአንድ ክልል ውስጥ እንደ 543(3) አይጠቀልሉምና። ሁልጊዜ መጀመር ያለበት የተጠቀሰውን ድንጋጌ ቃል በቃል አንብቦ «ይህ አንቀጽ ብዛትን ራሱ ቆጥሯል ወይስ አልቆጠረም?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ዐቃቤ ሕጉ የይግባኙን ውሳኔ ወደ ሰበር አልወሰዱትም። ስለዚህ ውሳኔው የሚያስረው ይህን መዝገብ ብቻ ነው። በሀገሪቱ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስረው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ነው። እስከዚያው ድረስ በዚሁ ዞን በሁለት አጎራባች ችሎቶች ተመሳሳይ አደጋ በአንዱ በነፍስ ወከፍ፣ በሌላው ተጠቅልሎ ሊታይ ይችላል። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጠበቃ ያሳየኝ አዲስ የትራፊክ ክስ ሦስት ሟች፣ ሦስት ክስ፣ ሦስት ጊዜ 543(3) ነው። መቃወሚያ የሚቀርብበት ቀጠሮ ገና አልደረሰም፤ ማመልከቻውን አብረን እየጻፍን ነው።